ቀበና ወንዝን ለማጽዳት፦ ለ25 ሰው ምን ምን እናዘጋጅ?

ሠፈረ ቀበና፦
ሰላም ቤተሰብ። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከድልድዩ በታች 200 ሜትር የሚሆን የቀበና ወንዝ ዳርቻ ልናጸዳ ነው፤ 25 ሰው ነን። ከውኃው እስከ መኪና መንገዱ 30 ሜትር ዳገት አለ። ቆሻሻው ባብዛኛው ፌስታልና ሃይላንድ ነው፣ ግማሹ ደለል ውስጥ ተቀብሯል። የመኪና ጎማም አለ። ስንት ማዳበሪያ እንግዛ? መሣሪያስ?

ደለል፦
መኪና ሳይገኝ መልቀም እንዳትጀምሩ። ዳር ላይ የተከመረ ማዳበሪያ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። ከሳምንት በፊት ለወረዳው ጽዳት ደብዳቤ አስገቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ጻፉበት።

ለ3 ሰዓት ሥራ በሰው 4 ማዳበሪያ አስቡ፤ 100፣ ከዚያ 20 መጠባበቂያ። ያገለገለው ባለ 50 ኪሎ ይበቃል፣ ግን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉት። እርጥብ ፌስታል ጭቃ ይዞ ስለሚወጣ ሞልታችሁ ካሰራችሁት ስፌቱ ዳገቱ ላይ ይተረተራል። ከመሣሪያ 6 መንሽ፣ 5 ማጭድ፣ 2 አካፋ፣ ገመድና ሲባጎ። አካፋ አታብዙ፤ የሚያወጣው አሸዋ ነው።

የተቀበረ ፌስታል አትጎትቱ። ጫፉ ብቻ ቢታይም ውስጥ ለውስጥ ከሣር ሥር ጋር ተጠላልፏል፤ ሲጎተት የዳርቻውን አፈር ይዞ ይናዳል፣ ክረምት ላይ ውኃው ከዚያች ቀዳዳ ጀምሮ ይቦረቡረዋል። ከአፈሩ እኩል በማጭድ ቁረጡት። ደለሉ ላይ ልቅ ብሎ የተኛውን ግን በመንሽ እንደ ፓስታ ጠምዝዛችሁ አንሡት፣ ውኃው ውስጥ ሁለቴ አራግፉት፣ ድንጋይ ላይ ይንጠፍጠፍ። አቅጣጫው ከታች ወደ ላይ ይሁን፤ ከላይ ከጀመራችሁ የደፈረሰው ውኃ ወደ ታች እየወረደ ቀጥላችሁ የምትሠሩበትን ቦታ ይጋርድባችኋል።

ሠፈረ ቀበና፦
እናመሰግናለን። ዳገቱንስ? በሸክም ነው?

ደለል፦
በቅብብሎሽ። በ2 ሜትር ርቀት ብትቆሙ ለ30 ሜትር 15 ሰው ይበላል፤ ስለዚህ ለቀማና ማውጣት አብረው አይሄዱም። ሁለት ሰዓት ሁላችሁም ልቀሙ፣ የመጨረሻው ሰዓት የማውጣት ይሁን። ጎማ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፤ መጀመሪያ አቁማችሁ አፍስሱት፣ ከዚያ በገመድ ጎትቱ።

ነርሷ፦
የሐኪም ቤት ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ በአንድ ስንጥር ይቀደዳል። ወፍራም የላስቲክ ጓንትና ቦቲ፤ ሸበጥ ያደረገ ሰው ውኃው ዳር እንዳይደርስ። ቁስል ያለበት ሰው ከላይ ማዳበሪያ ይቀበል፤ በአይጥ ሽንት የተበከለ ውኃ በቁስል በኩል በሽታ ያስገባል። መርፌ ካገኛችሁ ክዳኑን ለመመለስ አትሞክሩ፤ በጉጠት አንሥታችሁ ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ ክደኑት። ጤና ጣቢያ እንዲረከባችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተወጋ ሰው ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ብቻውን አይበቃም። ለመታጠቢያ ለ10 ሰው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ።

ቁራሌው፦
ሃይላንዱን ለብቻ ልቀሙት። ክዳኑን ፍቱ፣ ውኃውን ድፉ፣ ጨፍልቁ። ጭቃ የያዘ ከኪሎው ይቀነስበታል፣ ወይ ጭራሽ አይወሰድም። ክዳኑ የተለየ ፕላስቲክ ነው፣ በሌላ ከረጢት። ፌስታሉን ማንም አይገዛችሁም፣ አትልፉ።

ሠፈረ ቀበና፦
እየሠራን የሚያመልጠውን ለመያዝ መረብ ብንዘረጋስ?

ደለል፦
የሽንኩርት መረብ ከረጢት እየሰፋችሁ ገመድ ላይ እሰሩ። ወንዙን ቀጥ ብሎ አይቁረጠው፤ ሰያፍ ካደረጋችሁት ቆሻሻው ወደ አንድ ዳር ይሰበሰባል። ስትሄዱ ፍቱት፣ ካደረ ሞልቶ ይበጠሳል።

የእንጦጦ ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ሠፈራችሁ ላይ ያለውን ሰማይ አትመኑ። ቀበና ከእንጦጦ ነው የሚወርደው፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ከዘነበ ደራሹ ድንገት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምራችሁ 4 ሰዓት ላይ ጨርሱ፣ አንድ ሰው ድልድዩ ላይ ፊሽካ ይዞ ይቁም። ውኃው ቀለሙን ከለወጠ ወይ ጭራሮ መንዳት ከጀመረ ማዳበሪያውን ጥሎ መውጣት ነው።