ለጠበበ የአንገት ደም ቧንቧ ስቴንት ይሻላል ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ74 ዓመቱ አባቴ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ቡና ሲጠጡ ሲኒው ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ወደቀ፤ ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸውም አንደበታቸው ተሳስሮ ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚሉትን መረዳት አልቻልኩም። ወዲያው ስለተሻላቸው «ብርድ ነው» ብለው ሊተዉት ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ግን ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የግራ አንገታቸው ቧንቧ 80 በመቶ ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ቢመክሩም አባቴ አንገታቸው እንዲቀደድ አይፈልጉም። በብሽሽት በኩል ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ) ማስገባት ይቀላል ሲባል ሰምተናል፤ ለእሳቸው ይሻላል?

መልስ (የደም ሥር ቀዶ ሐኪም)፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከዘዴው በፊት ጊዜው ያሳስበኛል። እንዲህ ታይቶ የሚጠፋ ምልክት የስትሮክ ማስጠንቀቂያ በመሆኑ ቧንቧውን የማስከፈት ጥቅሙ የሚጎላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን ነው፤ የቀራችሁ አምስት ቀን ነው።

ስቴንት ሲገባ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ተነሥቶ እስከ አንገት ይደርስና የጠበበው ቦታ በፊኛ ተከፍቶ የሽቦ መረብ ይቀመጥበታል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ አደጋው ግን በቁስሉ መጠን አይለካም። ቱቦው በዕድሜ በደነደነ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ከግድግዳው የሚላቀቅ ፍርፋሪ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ክሬስት የተባለውና በ2010 ይፋ የሆነው፣ ከ2,500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት የሰሜን አሜሪካ ጥናት በስቴንት ስትሮክ፣ በቀዶ ሕክምና ደግሞ ሃርት አታክ በዛ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ዕድሜ ከ70 ሲያልፍ ሚዛኑ ወደ ቀዶ ሕክምናው ያደላል። ስለዚህ የአባትዎ ልብ ደህና ከሆነ የሐኪማቸውን ምክር እደግፋለሁ። ልባቸው የደከመ፣ ወይም አንገታቸው ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ያገኘው ከሆነ ግን ስቴንቱ ተመራጭ ይሆናል። የታዘዘላቸውን አስፒሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት በምንም ምክንያት አያቋርጡ።

መልስ (ከሱሉልታ)፦
የእናቴ አንገት በቀዶ ሕክምና ሲከፈት የደነዘዘው ቦታው ብቻ ነበር። እሳቸው ነቅተው በእጃቸው የላስቲክ ኳስ ይጨምቁ ነበር፤ ጭመቃው ከላላ ሐኪሞቹ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም መቀነሱን ያውቃሉ። አባትዎን የሚያስፈራቸው ሰመመኑ ከሆነ ይህን ይንገሯቸው። ሐኪሙንም በዓመት ስንት ሰው እንደሚያክሙ፣ ስንቱስ ስትሮክ እንደገጠመው ይጠይቁ፤ እኛ ስንጠይቅ አልተቆጡንም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ስለ ኳሱ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ነገ የልብ አልትራሳውንድ አሠርተን በዚያው ወደ ቀዶ ሐኪሙ እንገባለን።