በበለጠ ደን ያለ የእንሶስላ ዘመድ፦ አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ምን ምን ይጠይቃል?

የጅማ_ቅጠል፦

ሰላም ወገኖች። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የበለጠ ደን ውስጥ፣ ጥላ በበዛበት የወንዝ ዳር፣ ከእንሶስላ ወገን (ኢምፓሸንስ) የሆነ ተክል አለ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። አበባው ሐመር ሮዝ ነው፤ ከኋላው የሚወጣው ጭራ ረጅምና የተጠማዘዘ ነው። እንሶስላ የምትታወቅበት ወፍራም ሥር ግን የለውም። የአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ መጽሐፍ መለያ ቁልፍ (ባሕርይ በባሕርይ እየመረጡ ወደ ዝርያው የሚያደርስ ዝርዝር) ይዤ ስወርድ ሁለት ዝርያዎች መሀል ይቀርብኛል። ለአንደኛው ጭራው አጠረ፣ ለሌላኛው የቅጠሉ አቀማመጥ አልገጠመም።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አሁን ክረምት ስለሆነ ስጫነው አበባው ወረቀቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ቅጠሉም ይረግፋል፤ እንዴት ይደርቃል? አዲስ ዝርያ መሆኑስ በምን ይረጋገጣል? ከሆነስ ስሙን በማስተርስ ጽሑፌ ላይ ማውጣት እችላለሁ?

ናሙና_ያዥ፦

ወንድሜ፣ ከስሙ በፊት አበባው። የኢምፓሸንስ ዝርያዎች በዋናነት የሚለዩት በአበባቸው ቅርጽ ነው፤ ያ ቅርጽ ደግሞ ሲጫን ይጠፋል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ እዚያው ወንዙ ዳር፣ አበባው ሳይጠወልግ ማለቅ አለበት።

አንድ አበባ በምላጭና በመርፌ ፍታ። ሴፓሎቹ (የአበባው ውጫዊ ሽፋኖች) አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ሁለት ትንንሾች በግራና በቀኝ፣ አንድ ትልቅ ከታች። ታችኛው ነው ጎድጎድ ብሎ በጭራ የሚያልቀው። አምስት ሴፓል ያላቸው ዝርያዎችም ስላሉ በአጉሊ መነጽር ሳታይ ሦስት ብለህ አትጻፍ። ፔታሎቹ (ባለቀለሞቹ የአበባ ቅጠሎች) አምስት ሆነው የላይኛው ብቻውን ይቆማል፤ የጎኖቹ አራቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣብቀዋል። እነዚህን ጥንዶች ነጥለህ ነጭ ካርቶን ላይ ዘርጋ፣ አጠገባቸው የሚሊ ሜትር ማስመሪያ አስቀምጥ፣ ከላይ ቀጥ አድርገህ ፎቶ አንሳ። የላይኛውና የታችኛው ፔታል መጠን እርስ በርስ ሲነጻጸር ዝርያን ከዝርያ ይለያል፤ ደረቅ ናሙና ላይ ይህን ማንበብ ግን እጅግ ከባድ ነው።

የታችኛውን ሴፓል ጥልቀት ከጭራው ለይተህ ለካ። ሁለቱን ደምሮ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ይለዋል። የተጠማዘዘ ጭራ የሚለካው ቅስቱን ተከትሎ በክር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥታ ከለካኸው ያጥራል። አንተን ያስቸገረህ የጭራ ርዝመት ከዚህ የመጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አጣራ። ከ10 ያላነሱ የተለያዩ ተክሎችን አበባ ለክተህ ትንሹንም ትልቁንም መዝግብ። አበባው ያለበትን ደረጃም ጻፍ፦ መጀመሪያ አምስቱ ወንዴ ክፍሎች ተጣብቀው እንስቴውን እንደ ቆብ ይሸፍናሉ፣ በኋላ ቆቡ ይወድቃል። ደረጃውን ያልለየ ሰው እንስቴው የለም ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ቀጥሎ ጠርሙስ። ሦስት አራት አበባና ጥቂት እምቡጥ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ። ያገኘኸው 96 በመቶ ከሆነ 73 ሚሊ ሊትር ወስደህ በውሃ እስከ 100 ሙላ። ክፍሎቹ እንዳይሰባበሩ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምር። አረቄ አይሆንም፤ ጥንካሬው ከ70 በመቶ በጣም ስለሚያንስ አበባውን አያቆይም። ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶን ቀለም አልኮሉ ያጥበዋል። የአበባው ቀለምም ስለሚጠፋ በደብተርህ ላይ በዝርዝር አስፍረው፦ የውጩ፣ የጉሮሮው፣ ነጠብጣብ ካለ የነጠብጣቡ።

ለዲኤንኤ ንጹሕ ለጋ ቅጠል ቆራርጠህ በቡና ማጥለያ ወረቀት ጠቅልልና በክብደት አሥር እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ እንክብል) ውስጥ ቅበረው። በአንድ ቀን ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚሰበር መሆን አለበት። ሲሊካው ቀለሙን ከቀየረ በደረቅ ተካው።

አሁን ወደ መጫኑ። ይህ ተክል ውሃ ያዘለ ስለሆነ ተጭኖም ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ ቅጠሉን ከአንጓው የሚያራግፈው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ መግደል ነው። አበባዎቹን ቆርጠህ ለብቻ አስቀምጥ፣ ለዲኤንኤ የሚሆነውን ቅጠል አስቀድመህ ውሰድ፣ ከዚያ ግንዱን ከነቅጠሉ ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረህ አውጣና በጨርቅ አድርቀው። ወፍራም ግንድ በቁመቱ ይሰንጠቅ። አበባዎቹን በሁለት ድርብ ያልተጨማደደ ሶፍት መሀል አድርግ፤ ወረቀት ስትቀይር ጋዜጣውን ብቻ ቀይር እንጂ እስኪደርቁ ድረስ ሶፍቱን አትግለጥ። የሚለጠፈውና የሚቀደደው ሲገለጥ ነው።

በክረምት ጋዜጣ በመቀየር ብቻ አይሆንም፣ ሻጋታ ይቀድምሃል። በየናሙናው መሀል ሞገዳማ ካርቶን አስገባ፤ ቦዮቹ በአጭሩ ጎን በኩል ይሁኑ፣ አየር በዚያ ያልፋል። ፕሬሱን (ናሙናዎቹ የታሰሩበትን መጫኛ) በጎኑ አቁመህ ከታች ለስላሳ ሙቀት ስጠው፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። ከሰል ምድጃ ላይ ማንጠልጠል የሚቻለው ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ ዝም ብለህ አትጠብቅ፣ ፈትተህ ጋዜጣ ቀይር። መድረቁን ለማወቅ ናሙናውን ጉንጭህ ላይ አስነካው፤ ከቀዘቀዘህ ገና እርጥበት አለው።

ጽጌ_አራት_ኪሎ፦

ከላይ ስለ አበባው በተባለው ሁሉ እስማማለሁ።

«ቁልፉ ላይ አልገባም» ማለት «አዲስ ነው» ማለት አይደለም። ፍሎራው ከ1989 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በስምንት ቅጽ የወጣ፣ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘ ታላቅ ሥራ ነው፤ ቁልፎቹ የተሠሩት ግን በጊዜው እጅ ላይ በነበሩ ናሙናዎች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌሎቹን መንገዶች ዝጋ። የታወቀው ዝርያ ከተጻፈለት መጠን ሰፋ ብሎ ሊሆን ይችላል። በኬንያ፣ በኡጋንዳ ወይም በደቡብ ሱዳን የታወቀና እኛ ጋ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ ያ ራሱ ሊታተም የሚገባው ግኝት ነው። ሁለት ዝርያዎች ጎን ለጎን ካደጉ ድቅልም ይታሰባል፦ የአበባ ዱቄቱን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታየው አብዛኛው የተጨማደደ ባዶ ከሆነ ጠርጥር።

የቅጠል ስፋት፣ የጸጉር ብዛትና የአበባ ቀለም ድምቀት በጥላና በከፍታ ይለዋወጣሉ፤ በእነሱ ብቻ ዝርያ አይቆምም። እርስ በርስ የማይጎተቱ ቢያንስ ሁለት ባሕርያት ያስፈልጉሃል፤ ለምሳሌ የታችኛው ሴፓል ቅርጽና የአበባው ዘንግ አወጣጥ። በመለኪያውም መሀል ክፍተት መኖር አለበት። የአንዱ ጭራ ከ20 እስከ 30፣ የሌላው ከ28 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ አልተለያዩም።

ከዚያ ናሙናህን ይዘህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ና። ስም የተሰጣቸውን አቃፊዎች ብቻ አይተህ አትመለስ፤ በወገኑ መጨረሻ ላይ «ያልተለዩ» ተብለው የተቀመጡትን አገላብጥ። ያንተ ተክል ከብዙ ዓመት በፊት ተሰብስቦ እዚያ ሊጠብቅህ ይችላል። የቆዩ መግለጫዎች ላይ «ጅማ ዞን» የሚል አትፈልግ፤ «ካፋ ክፍለ ሀገር» ነው የሚሉት። ፍሎራውም ጅማን የሚያካትተው «ኬኤፍ» በሚል የካፋ ምልክት ሥር ነው። የተቀራራቢ ዝርያዎቹን ታይፕ ናሙናዎች (ስማቸው የተመሠረተባቸውን) በጄስቶር ግሎባል ፕላንትስ ድረ ገጽና በእንግሊዝ አገር ባለው የኪው የዕፅዋት ተቋም ገጽ ላይ በፎቶ ታገኛለህ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ማስመሪያ ተጠቅመህ ለካ። አበባው የታጠፈበት ናሙና ከሆነ ግን ከፎቶ አትወስን፣ ለሄርባሪየሙ ጽፈህ ጠይቅ።

ሆሎታይፕ፦

ስለ ስሙ። በማስተርስ ጽሑፍህ ላይ አታውጣው። ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፍ በራሱ እንደ ኅትመት አይቆጠርም (አይኤስቢኤን የተባለ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ወይም ለኅትመት የቀረበ መሆኑን በግልጽ የሚል ቃል ከሌለው በቀር)። ስለዚህ ስሙ ይሰራጫል፣ ሕጋዊነት ግን አያገኝም። ቴሌግራም ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው። ጽሑፍህ ላይ «ኢምፓሸንስ ዝርያ ሀ» ብለህ ከናሙና ቁጥሩ ጋር እለፈው።

ስም ሕጋዊ የሚሆነው በዕፅዋት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ነው። ከጥር 1 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ሊጻፍ ይችላል፤ አይኤስኤስኤን የተባለ መለያ ቁጥር ባለው መጽሔት በፒዲኤፍ ብቻ መውጣቱም ይበቃል። ፋይቶታክሳ፣ ፋይቶኪስ፣ ኪው ቡለቲን ይህን ሥራ ያወጣሉ። ሆሎታይፑ (አዲሱ ስም የሚመሠረትበት ናሙና) አንድ ብቻ ነው፤ «ታይፕ» ወይም «ሆሎታይፕ» የሚለው ቃልና የተቀመጠበት ሄርባሪየም ካልተጻፈ ስሙ ይወድቃል። ሆሎታይፑን አዲስ አበባ አስቀምጥ፣ ከዚያው ስብስብ የተገኙትን ቅጂዎች (አይሶታይፕ) ለናይሮቢና ለኪው አካፍል። አንድ ቦታ ከነደደ ወይም በነቀዝ ከተበላ ሌላው ይተርፋል። ተክሉ ጥቂት ከሆነ ግን ቅጂ ለማብዛት ብለህ አትንቀል፤ ከሃያ ተክል ከአንድ በላይ አይነካም።

የመጽሔት ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚያነቡት መለያ አንቀጹን ነው፦ ከየትኛው ዝርያ ጋር ይቀራረባል፣ በምን በምን ይለያል፣ ከነልኬቱ። ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ሙሉ መግለጫው ከሥር ወደ ላይ ይሄዳል፦ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ የአበባ ዘንግ፣ ሴፓል፣ ፔታል፣ ወንዴ፣ እንስቴ፣ ፍሬ፣ ዘር። ቅደም ተከተሉን ከፍሎራው ውሰድ፤ አንባቢ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

ስሙ ራሱ አጭር ሥራ ነው። ኢምፓሸንስ በሴት ጾታ ስለሚሄድ ከጅማ ብትሰይመው «ጂመንሲስ» ይሆናል። በዓለም ላይ ከ1000 በላይ የኢምፓሸንስ ዝርያዎች አሉና ስሙ ቀድሞ አለመያዙን አይፒኤንአይ በተባለው የስሞች ማውጫ አጣራ፤ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ የወጣ ከሆነ ዛሬ ባይሠራበትም ድጋሚ አይወሰድም። አስበህ ምረጥ፣ ምክንያቱም ስም ስላልገጠመ ብቻ አይሻርም። የዕፅዋት ስያሜን ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ቡናችንን «አረቢካ» ብሎ መዘገበው፤ መገኛው የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ ቢታወቅም ስሙ ጸንቶ ቀርቷል።

የጅማ_ቅጠል፦

እህት ጽጌ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭራውን በክር ለክቼ እመለሳለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፍሬው ገና አልደረሰም፤ በኋላ ስሰበስበው በዚሁ ቁጥር ሥር ላስገባው? ፈቃድስ ከማን ነው?

ናሙና_ያዥ፦

በዚሁ ቁጥር አታስገባው። አንድ ስብስብ ማለት በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰብሳቢ የተወሰደ ነው። የሐምሌ አበባና የጥቅምት ፍሬ በአንድ ቁጥር ከተቀላቀሉና ያ ቁጥር ሆሎታይፕ ከሆነ ስሙን አደጋ ላይ ትጥለዋለህ። ለፍሬው አዲስ ቁጥር ስጠው፣ በጽሑፉ ላይ ፓራታይፕ (ከሆሎታይፑ ሌላ የሚጠቀስ ተጨማሪ ናሙና) ይሆናል።

ፈቃዱን በተመለከተ ደኑን የሚያስተዳድረውን የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅትንና የአካባቢውን የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር (ዋቡብ) ጠይቅ። ቅጂም ሆነ ሲሊካ ውስጥ ያለ ቅጠል ከአገር ሲወጣ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ መጽሔቶችም የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቁሃል።

መግለጫ ወረቀቱ ላይ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል ጻፍ። በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከጻፍከው ውጭ አገር የሚያነበው ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል፣ የአበባውም ወራት ይዛባል።

ፍሬው ሲደርስ ሲነካ ይፈነዳል፣ ዘሩም ይበተናል። ገና አረንጓዴ ሆኖ ማበጥ ሲጀምር ቅርንጫፉን በጎዝ ሸፍነህ ከሥሩ በክር ላላ አድርገህ እሰር፤ ዘሩ ጎዙ ውስጥ ይቀርልሃል። ያልፈነዳ አንድ ሁለት ፍሬ ደግሞ ከነዘንጉ ቆርጠህ በቀጥታ አልኮል ውስጥ ክተት፣ ቅርጹን የምትገልጸው ከእሱ ነው።