የሻወር ቤቴን ሴራሚክ ራሴ ልሠራው ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የሻወር ቤቱን ወለል ሁለት ባለሙያዎች በየተራ ሠርተውታል። አሁን ሁለቱም ስልክ አያነሱም። ውሃው ወደ ማስወገጃው መሄድ ሲገባው በሩ ሥር ይተኛል። ሴራሚኩን በሳንቲም ሳንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል፤ ሥሩን ሲሚንቶ አልሞሉትም ማለት ነው። ትናንት ከታች ያሉት እናት ጣሪያቸው ረጥቦ አሳዩኝ። በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

ቆርጫለሁ፣ ራሴ እሠራዋለሁ። ውሃ ልክም ገዝቻለሁ። ተዳፋቱን ወደ ማስወገጃው በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ዝቅ ላደርገው አስቤያለሁ። የጨነቀኝ ከሴራሚኩ በፊት የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። ግድግዳው ላይ ምን ያህል ከፍ ይበል? ስንት ቀንስ ይድረቅ? አሮጌውን ስነቅል ቧንቧውን እንዳልመታስ ምን ላድርግ? በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው ቢነግረኝ ውለታውን አልረሳም።