ሕዝብ መርጦት ምክር ቤቱ አንቀበልህም ያለው የጆርጂያ ተወካይ

የአትላንታዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አንድ የጆርጂያ (የአሜሪካዋ ግዛት) ሕግ አውጪ ጻፍ ተብሎ ጁሊያን ቦንድን መርጧል፣ እኔ እዚህ ስንት አመት ኖሬ ስሙን እንኳ አላውቀውም። ሕዝብ መርጦት ምክር ቤቱ ከለከለው ይላል፣ እንዴት ሆኖ? የምታውቁ አስረዱኝ ልጁን ላግዘው።

የታሪክ ወዳጅ፦
እህቴ እውነት ነው (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1965 ሲመረጥ ገና 25 አመቱ ነበር፣ ስኒክ በሚባለው የተማሪዎች የሲቪል መብት ድርጅት ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ነበር። ሊምል ጥቂት ቀን ሲቀረው ስኒክ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም መግለጫ አወጣ፣ እሱም ሲጠየቅ እስማማበታለሁ አለ፣ በቃ እሱ ነው ጥፋቱ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1966 ሌሎቹ ቆመው እጃቸውን አንስተው ሲምሉ እሱ መሀላቸው ቁጭ ብሎ ቀረ፣ ፎቶው አለ ፈልጊው። ከዛ 184 ለ12 ድምፅ ሰጥተው አይገባም አሉ። ወንበሩ ክፍት ሆነ ተብሎ ምርጫ ሲደገም የሰፈሩ ሰው መልሶ እሱኑ መረጠ፣ አሁንም እምቢ አሉት፣ በዛው አመት ለሶስተኛ ጊዜ መረጡት! ዲሴምበር 5 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ለ0 ፈረደለት፣ ተመራጭ በፖሊሲ ላይ ሀሳቡን የመናገር ሰፊ ነፃነት አለው ብሎ። በ1967 ገባ። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ፍርዱ ሳይሆን ያ ሶስቴ ወጥቶ የመረጠው ሕዝብ ነው፣ እነሱን ልጁ እንዳይረሳቸው።

ዴካተር፦
በላይ የተባለው ልክ ነው ግን ሁሉም ሰው እዛ ጋ ያቆማል፣ ሰውየው እኮ ከዛ በኋላ 20 አመት ሰርቷል፣ እስከ 1975 በጆርጂያ ታችኛው ምክር ቤት ከዛ እስከ 1987 በዛው በጆርጂያ ሴኔት። በ1968 ቺካጎ የዲሞክራቶች ጉባኤ ላይ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲጠቆም 28 አመቱ ነበር፣ ሕጉ 35 ስለሚል ራሱን አገለለ። በ1986 ለኮንግረስ ከድሮ የትግል ጓደኛው ከጆን ሉዊስ ጋር ተወዳድሮ በመጀመሪያው ዙር መርቶ በሁለተኛው ተሸነፈ፣ እሱ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ አብረው የታገሉ ልጆች ናቸው። በኋላ ኤንኤኤሲፒ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ድርጅት ከ1998 እስከ 2010 በሊቀመንበርነት መራ፣ በ2015 አረፈ።

የአትላንታዋ እናት፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውን አገኘሁትና አሳየሁት፣ ማሚ ሁሉም ቆመው እሱ ብቻ ሲቀመጥ ምን ተሰምቶት ይሆን አለኝ፣ በሱ ጀምር አልኩት፣ ይሄው እየጻፈ ነው።