እናቴን ካይሮፕራክተር ጋ ልውሰዳት?
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ከጎንደር ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ ወገቧን ስለሚያማት ከወንበር የምትነሳው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ፣ "እመቤቴ ድረሽ" እያለች ነው። ጓደኛዬ ካይሮፕራክተር (አከርካሪና መገጣጠሚያን በእጁ እየተጫነ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ውሰዳት አለኝ። እናቴም "የፈረንጅ ወጌሻ አይደል? እንሂድ እንጂ!" ብላ ቸኩላለች።

ሳነብ፣ ሙያውን በ1895 አዮዋ ውስጥ የጀመረው ዲ ዲ ፓልመር የሚባል ሰው ነው። ካይሮፕራክተሮች የመንግሥት ፈቃድ አላቸው፤ "ዶክተር" ቢባሉም የሕክምና ዶክተር ግን አይደሉም። ሕክምናቸው ለወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም አለው፤ አንገት መጠምዘዝ ግን አልፎ አልፎ የደም ሥር ቀድዶ ስትሮክ ያመጣል ይላሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ አጥንቷ ነው፤ ሐኪም "ሳስቷል" ብሏታል። እንዲህ ሆና እናቱን የወሰደ አለ? መጀመሪያ ራጅ ላስነሳት ወይስ ፊዚዮቴራፒ ይሻላል? እባካችሁ፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው።