በ2004 ዓ.ም. ያጣናቸው ሰዎች እነማን ነበሩ? የቀረ ካለ ጨምሩበት

ባለ ሰሌዳው፦ ሰላም ቤተሰብ። ከሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረፉ ታዋቂ ሰዎችን ፎቶ ልንሰቅል ነው። የጀመርነው በ2004 ነው። ልጆቹን «በዚያ ዓመት ማን ሞተ?» ብዬ ብጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «መለስ» አሉኝ፣ ከዚያ ጸጥ። አንዷ ብቻ «ፓትርያርኩም መሰለኝ» አለች። ስብሃት ገብረ እግዚአብሔርስ? አፈወርቅ ተክሌስ? የረሳሁት ካለ ንገሩኝ። ደግሞ የመለስ ፎቶ ይተልቅ አይተልቅ በሚለው ተጨቃጭቀን ልንጣላ ነው፣ እስቲ ገላግሉን።

የጉለሌዋ፦ በልጆቹ አይፈረድም። የዚያን ዓመት ነሐሴ አስታውሰው እስቲ። አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 አረፉ፣ ያውም በፍልሰታ ጾም መሃል። ሰው ገና እሱን ሳያወራ ነሐሴ 15 ጠዋት ኢቲቪ መለስ ብራስልስ ውስጥ ማረፉን ተናገረ። የዚያን ቀን ሌሊት አስከሬኑ ቦሌ ሲገባ ሕዝቡ ሻማ ይዞ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ እስከ ነሐሴ 27፣ እስከ ቀብሩ ድረስ፣ ሌላ ወሬ የሚባል ነገር አልነበረም። የፓትርያርኩ ቀብር ነሐሴ 17 ነው የዋለው። ሃያ ዓመት በመንበሩ የተቀመጡ አባት ናቸው፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ከተማውን ቀጥ የሚያደርግ ቀብር ነበር፤ ግን በለቅሶ ላይ ለቅሶ ሆነና ተዋጠ። በነገራችን ላይ የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳም ያረፉት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ሁለቱ እኅት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዓመት አባት አልባ ሆኑ ማለት ነው። ይህን የሚያነሳ ሰው አላየሁም።

ከዲሲ፦ አፈወርቅን ስላነሳህ ተባረክ። ሚያዝያ 2 ነው ያረፈው፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ለፋሲካ አምስት ቀን ሲቀር። ሰሌዳው ላይ ግን «አፈወርቅ ተክሌ» ብለህ ብቻ እንዳትጽፍ፣ ነፍሱ ትቀየምሃለች። «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» ነው የሚባለው። ቦታ ካልበቃህ ፊደሉን አሳንሰው 😄

የምሬን ግን የፊቱን ፎቶ ብቻ አትስቀል። የአፍሪካ አዳራሽ መስታወቱን ጨምርበት። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት ነው፣ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሳለበት። ከሦስቱ በአንዱ ክፍል ችቦ የያዙ ሰዎች አሉ፣ ከፊት ያለው ቤተሰብ የለበሰው የእኛን የሀገር ልብስ ነው። ከኋላ ደግሞ ጥሩር የለበሰ ወታደር ቆሟል፣ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት ያለበት። ልጆቹ ይህን ፎቶ ካዩ ራሳቸው ይጠይቁሃል፣ አንተ ማብራራት አይጠበቅብህም። ለነገሩ ሰውየው ገና ልጅ ሳለ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር። እንኳንም አልሆነለት!

እግረኛው፦ ጋሽ ስብሃት የካቲት 12 ነው ያረፈው፣ የሰማዕታት ቀን፣ ስለዚህ ቀኑን መርሳት አይቻልም። የእሱ ነገር የአፈወርቅ ተቃራኒ ነው፣ ማዕረግ የለ ምን የለ፣ ሁሉም ሰው «ጋሽ ስብሃት» ብሎ ነው የሚጠራው። «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ፈረንሳይ ሀገር ሆኖ ነው፣ ስለ ውቤ በረሃ፣ ስለ ድሮው የአዲስ አበባ የመሸታ ሠፈር። ለረጅም ዓመታት ሳይታተም ቀርቶ ኋላ ላይ ነው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው። ቤተ መጻሕፍቱ ልጆች የሚገቡበት ከሆነ መጽሐፉን ሰሌዳው ሥር አታስቀምጡት፣ ወላጅ ይመጣባችኋል። «አምስት ስድስት ሰባት» ይሻላል።

ሌላ አንድ ነገር። ከአራቱ ሦስቱ የዐድዋ አካባቢ ልጆች ናቸው፣ ስብሃትም፣ አቡነ ጳውሎስም፣ መለስም። አፈወርቅ ብቻ ነው የአንኮበር። ደራሲ፣ ፓትርያርክና ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከአንድ አካባቢ፣ በአንድ ዓመት። ካርታ ለጥፉበት።

ቆፍጣናው፦ እኔ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ፖለቲከኛ ከደራሲና ከሰዓሊ ጋር ምን ያገናኘዋል? አውጡት። የእሱን ፎቶ በየመንገዱ አይተን ጠግበናል።

የጉለሌዋ፦ @ቆፍጣናው ማውጣትማ አይሆንም። ወደድከውም ጠላኸውም 21 ዓመት ሀገር የመራ ሰው ነው፣ በ57 ዓመቱ ሥልጣን ላይ እያለ ነው የሞተው። እሱ የሌለበት የ2004 ሰሌዳ ውሸት ነው። ፎቶው ግን ከሌላው አይተልቅም፣ አለቀ።

ከዲሲ፦ እስማማለሁ። ከውጭም ከጨመራችሁ ዊትኒ ሂዩስተን የካቲት 3 ነው የሞተችው። ኒል አርምስትሮንግ ደግሞ ነሐሴ 19፣ እኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ። ጨረቃ ላይ መጀመሪያ የረገጠው ሰው ሞቶ እዚያ ሀገር ቤት ስንት ሰው ልብ ብሏል?

ባለ ሰሌዳው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እንዲህ ተወስኗል፦ ፎቶው ሁሉ እኩል፣ አቀማመጡ በቀን ቅደም ተከተል። ስለዚህ ስብሃት መጀመሪያ፣ መለስ መጨረሻ። ቆፍጣናው እንግዲህ መጨረሻ መሆኑ ደስ ይበልህ 😄 አርምስትሮንግንና ዊትኒን ከታች በትንሹ እናስገባለን፣ አቡነ ሺኖዳን ግን ከአቡነ ጳውሎስ ጎን። የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት ጥርት ያለ ፎቶ ያለው ይላክልኝ፣ እኔ ያገኘሁት ነጸብራቅ ያበላሸው ነው።

ቀጣዩ ሰሌዳ 2009 ነው። ታኅሣሥ ላይ ቶሮንቶ ያረፈው ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር አለ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አባባ ተስፋዬ። የአባባ ተስፋዬን ፎቶ በቲቪ ተረት ሲያወሩ የሚያሳይ ነው የምፈልገው፣ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ።