ለነፍሰ ጡር ጠላ የቀዳ በሕግ ይጠየቅ? (ክርክር)

ጠያቂዋ
እስቲ እናንተ ፍረዱን። ባለፈው የማርያም ማኅበር ነበረብን። ጎረቤታችን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቀጂዋ እንደ ሌላው ሰው ጠላ ቀዳችላት። አጠገቧ የተቀመጠች የጤና ባለሙያ ብርጭቆውን ከእጇ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ለልጅሽ አንጎል አይሆንም» አለቻት። ቤቱ ተናወጠ። ትልልቆቹ ሴቶች «እኛ ጠጥተን አልወለድንም ወይ?» አሉ። ነፍሰ ጡሯ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ለእርጉዝ ሴት መጠጥ የሸጠም የቀዳም በሕግ ይጠየቅ» ይላል። ግማሹ «ሴትን ማሳቀቅ ነው» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጎንደሩ ልጅ
እኔ ከከልካዮቹ ጋር አይደለሁም። አያቴ ጠላ ጠምቃ ሸጣ ነው ቤቱን ያቆመችው። ዘጠኝ ወልዳለች፣ ዘጠኙም ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። ያኔ የወንዝ ውሃ ከመጠጣት ቅራሪ ይሻል ነበር። ቅራሪ ደግሞ መቼ ያሰክራል? ዛሬ ተነስተን አያቶቻችንን ወንጀለኛ ልናደርግ ነው?

አዋላጇ
ወንድሜ፣ አያትህን ማንም ወንጀለኛ አላለም። ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ዓለምም ቢሆን ዘግይቶ ነው የነቃው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ለሟን የሚባል ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን አይቶ ጻፈ። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1973 ሲያትል ውስጥ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ነገሩን ስም ሰጡት፤ ፌታል አልኮሆል ሲንድረም፣ ማለትም እናት በእርግዝና ጊዜ በጠጣችው አልኮል ልጁ ላይ የሚደርስ ጉዳት።

አሁን ወደ ጠላው ልምጣ። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል። ብዙም ሳይቆይ በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ጋር ይቀራረባል። የእናት ጉበት አልኮሉን ያስወግደዋል። የፅንሱ ጉበት ግን ገና አቅም የለውም። አንጎል ደግሞ በጥቂት ሳምንት ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዘጠኙን ወር ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ «ሦስት ወር ካለፋት ችግር የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ሊጎዳ ይችላል። ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎልም፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍልም እንደዚያው። ልጁ ሲወለድ መልኩ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ነገሩ የሚወጣው። ትናንት የገባው ዛሬ ይጠፋበታል። ሒሳብ ይከብደዋል። አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል። እኛ «ባለጌ ነው»፣ «ደነዝ ነው» እንለዋለን። ይገረፋል።

የጠጣች እናት ልጅ ሁሉ ይጎዳል እያልኩ አይደለም። መጠኑ፣ በአንድ ጊዜ የተጠጣው ብዛት፣ የእናትየዋ ምግብ፣ ዘርም ጭምር ልዩነት ያመጣል። ግን የቷ ልጅ እንደምትተርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህል ቢጠጣ ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለም የሚለው። የቤት ጠላን ደግሞ ማን ለክቶት? አንዱ 2 በመቶ አልኮል ይኖረዋል፣ ሌላው ከቢራ ይበልጣል። ጉሹና ቅራሪው አንድ አይደሉም።

ብርጭቆውን ከእጇ መውሰድ ግን ልክ አልነበረም። ያቺ ሴት ነገ ለክትትል ስትመጣ «ትጠጫለሽ?» ብላት እውነቱን ትነግረኛለች? አትነግረኝም። ሳታውቅ የጠጣች ደግሞ አለች። ለእሷ የምላት አንድ ነገር ነው። ዛሬ አቁሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተረፈው ሁሉ ለልጅሽ ነው።

የሕግ ተማሪው
ሕግ ሲባል ለምን እንደምንደነግጥ አይገባኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ከልክሏል። ያኔም «አይሆንም» ተብሎ ነበር፣ ሆነ። ግሮሰሪ ውስጥ ሆዷ ለገፋ ሴት ቢራ አለመሸጥ ምን ይከብዳል?

ከሜሪላንድ
እዚህ ያየሁትን ልንገርህ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ሕግ አውጥታ ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱ የመጠጥ ጠርሙስ ላይ ማስጠንቀቂያ አስለጥፋለች። ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣ ይላል። ብዙ ክልሎች ከዚያም አልፈው ሄደዋል። አንዳንዶቹ ጋ በእርግዝና ጊዜ መጠጣት እንደ ልጅ በደል ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እነዚህን ሕጎች ከወሊድ መዝገብ ጋር አስተያየ። ብዙዎቹ ሕጎች ባሉበት ቦታ ሴቶች ለእርግዝና ክትትል መሄድ ቀነሱ፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሕፃናትም በዙ። ልጄን ይወስዱብኛል ብላ የፈራች እናት ሐኪም ቤት ደጃፍ አትደርስም። አዋላጇ ያለችው ይኸው ነው።

የሕግ ተማሪው
እሺ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እናትየዋን መቅጣት የሚለውን ትቼዋለሁ። ሻጩ ላይ ግን አሁንም አልለቅም።

አስተማሪው
ከላይ ጀምሮ አነበብኩ። አንድ ሰው ጠፍቶብኛል። አባትየው የታለ?

እናቴ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። አባቴ ግን ይጠጣ ነበር። ማታ አራት ሰዓት ላይ ደብተሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግን በሩ ላይ። ቁልፉ አንዴ ገብቶ ከዞረ ሰላም ነው። ቁልፉ በሩን እየፋቀ ቀዳዳውን ከፈለገ ታናሽ እህቴን ይዤ አልጋ ሥር እገባለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ማባዛት ያልገባኝ ለምን እንደሆነ አስተማሪዬ ብትጠይቀኝ ምን እመልስላት ነበር? አባቴ ማኅበር ሲሄድ ብርጭቆውን ከእጁ የወሰደ ሰው አንድም ቀን አልነበረም። «ጨምሩለት» ነበር የሚባለው።

አንጎል እኮ ከተወለድንም በኋላ ይሠራል። ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንጎሉ በመጠን የአዋቂውን ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህላል። ውስጡ ያለው የነርቭ ሽቦ ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ይያያዛል፣ ይፈታል። በየማታው የሚደነግጥ ልጅ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያፈሳል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል የማስታወሻውንና ራስን የመግዣውን የአንጎል ክፍል ይነካል። በ1998 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ሐኪሞች ፌሊቲና አንዳ ውጤቱን ማውጣት የጀመሩት ትልቅ ጥናት ነበረ። ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከጠጪ ሰው ጋር በአንድ ቤት ኖረህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። የልጅነት መከራው በተደራረበ ቁጥር በኋላ የሚመጣው ድብርት፣ ሱስ፣ የልብ በሽታም ይበዛል። የጠጪው ሰው እናትም ትሁን አባት፣ ጥያቄው አልለየም።

አዋላጇ
አስተማሪው ልክ ነህ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ካርዱ ላይ እናትን እጠይቃለሁ፣ ውጭ የሚጠብቃትን ባሏን አልጠይቅም። ለሟን እንኳ በ1968 ሲጽፍ ርዕሱ ላይ ያለው «እናቶች» ሳይሆን «ወላጆች» ነበር። አሁን ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ በአይጥ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ወንዱ ብቻ ከመገናኘቱ በፊት አልኮል ሲሰጠው የግልገሎቹ የፊት ቅርጽ ሲለወጥ አይተዋል። አይጥ ሰው አይደለም። ግን «የሷ ሆድ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ለሚል ባል ከዚህ በኋላ ጥያቄ አለኝ።

የጎንደሩ ልጅ
ይህ ሁሉ ግን ያስፈራኛል። እኔም ጠጪ አባት ነው ያሳደገኝ። ታዲያ አንጎሌ ተበላሽቷል ልትሉኝ ነው? የጠጪ ልጅ ሁሉ ግንባሩ ላይ ምልክት ሊለጠፍበት ነው?

አስተማሪው
አይደለም፣ ወንድሜ። እኔና አንተ አንድ ነን። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 700 የሚጠጉ ልጆችን ኤሚ ቨርነርና ባልደረቦቿ እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተሏቸው። በድህነት፣ በጠብ፣ ወይም በጠጪ ወላጅ ቤት ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ሙሉ ሰው ሆነው አደጉ። እነዚህ ልጆች ምን ነበራቸው ሲባል፣ ብዙዎቹ ከወላጅ ውጭ እንኳ ቢሆን የማይለወጥ አንድ ሰው ነበራቸው። አያት፣ አክስት፣ አንዳንዴ አስተማሪ።

እኔ አክስቴ ነበረችልኝ። አርብ አርብ ትመጣና ወስዳን ትሄዳለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነበር። በሩ ሲንኳኳ ማንም አይደነግጥም። ማባዛትን ያወቅሁት እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው፣ ሽምብራ እየቆጠርኩ።

የጎንደሩ ልጅ
የኔዋ ያቺ ጠላ ጠማቂዋ አያቴ ናት። እሷ ባትኖር የት እንደምሆን አላውቅም። ስለ ነፍሰ ጡሯ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አያቴም ብታውቅ ኖሮ አትቀዳላትም ነበር።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አነበብኩ። ትናንት ማታ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ነበር። ስለ ጠላው አላነሳሁባትም፣ ቡና አፍልተን ተጨዋወትን። ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ። «የኔን አንድ ብርጭቆ ሁሉም አየ፣ እሱ በየማታው የሚጠጣውን ግን ማን ያየዋል?» አለችኝ። ያኔ ነው የአስተማሪው ጽሑፍ የገባኝ።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ከጠላው ጎን አንድ እንስራ ብርዝ አዘጋጃለሁ። ለእሷ ብርዝ እቀዳላታለሁ። ለባሏም እንደዚሁ፣ ሁሉም እያየ። እሑድ እሑድ ደግሞ ትልቁን ልጃቸውን ከልጆቼ ጋር እኔ ዘንድ እንዲውል ጠይቄያታለሁ። እሺ ብላኛለች።